ምንጣፉን ያዞርን ዕለት

አርባ ዓመት ሙሉ ነጋሪት ጎስሜ፣
ከአዛኑ በፊት ከሰው ሁሉ ቀድሜ፣
ታርሙጂ እባላለሁ፤ ኪታብ አላውቅም፣
ከቆዳው ድምፅ በቀር ያስተማረኝ የለም።

መስጊዳችን ያለው ከጃቫ ሰሜን ዳር፣
ከሩዙ ማሳና ከጨው ኩሬው ድንበር፤
አያቶቻችን ናቸው ግንዱን ጎትተው
በአንድ ክረምት ያቆሙት ተረዳድተው።
«መካ በየት ናት?» ብሎ አናጢው ሲጠይቃቸው
የፀሐይን መጥለቂያ አሳዩት በጣታቸው።
ሌላ ምን ነበራቸው?
ጣት ነበራቸው፣ ኒያ ነበራቸው።

ሙስሊኻ መጣች፣ የዓሣ ሻጯ የሩኮያ ልጅ፣
የሰማይን ስሌት ከተማ ተምራ፤
ሰው የሞተ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«አባ ታርሙጂ፣» አለች፣ «ግድግዳችን ተሳስቷል።
የምንሰግደው ወደ ባሕር ነው፣
ከባሕሩም ማዶ ወደ አፍሪካ ጠረፍ።
ካዕባ ከዚህ ናት፤
ሃያ አራት ዲግሪ፣ ወደ ቀኝ።»

ሳቅሁባት።
ቀጥሎ ደሜ ፈላ፦
«አባቴ ወደዚያ ሰግዶ፣ ወደዚያ ዞሮ ተቀብሮ፣
አንቺ ነሽ ሙታን የምታዞሪ፣ ትናንት ተወልደሽ ዘንድሮ?»
«ሙታኑ ባወቁት ሄደዋል፣» አለች፣ «አላህ ይቀበላቸው።
እኔ የምፈራው ለኛ ነው፣ አውቀን ለምንተኛው።»

መንደሩ ተንጫጫ። «ቢድዓ ነው» ያለ አለ፣
«ፈረንጅ ነው የላካት» ብሎም የማለ አለ።
ሸህ ዘርካሺ ብቻ፣ ያ ሽማግሌ ኢማም፣
ጢሙን እያሻሸ አዎም አላለ፣ አይደለም።
«ፀሐይ በካዕባ አናት ቀጥ ብላ የምትቆምበት
ቀን አለ ብለሻል፤ እንጠብቀው፣» አላት።

ቀኑ ደረሰ። አስር ተሰግዶ፣
አሥር ሰዓት ከሩብ አልፎ ትንሽ ሄዶ፣
ቀርከሃ ተክላ በግቢው አሸዋ፣
በክር በጠጠር ቀጥታ መሆኑን ለካችው።
ዶሮ አባረርን። ዝም አልን።
ጥላው ተኛ፤
ከሚህራቡ መስመር ጋር ሳይስማማ፣ ሰያፍ ሆኖ፣
ለሀብታም ሳያደላ፣ ለሽማግሌ ሳያፍር።

ሸህ ዘርካሺ መነጽሩን ተቀበለ፣
ጫማውን አወለቀ፣ ጥላው ላይ ቆመ።
ብዙ ቆመ።
«ሃምሳ ዓመት መርቻችኋለሁ፤ ሶላታችሁ አልጠፋም።
ነገም እንደ ትናንት ብመራችሁ ግን፣
ያኔ እኔ ጠፋሁ።»

ግድግዳ አላፈረስንም። ምንጣፉን ነው ያዞርን።
ሶፉ ሰያፍ ሲሆን ማዕዘኑ ባዶ ቀረ፣
የሴቶቹ መጋረጃም አልገጥም አለ፤
በየት በኩል እንስቀለው? ይኸው እስከ ዛሬ
ተጠቅልሎ ተቀምጧል ከነጋሪቴ ሥር።
ሩኮያ በስልሳ ዓመቷ ኢማሙን አየችው፣
«ለካ እንዲህ አጭር ሰው ነው!» ብላ አሳቀችን።
ዋጊማን ግን አልሳቀም። ጎረቤት መንደር ይሰግዳል፣
ሰባት ቤተ ዘመዱን ይዞ።
ሲያገኘኝ ሰላምታዬን ይመልሳል፣ ዓይኔን አያይም።

ሌሊት ሌሊት አሁን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።
ልጄን፣ ሙርኒን፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ስድር፣
አልቅሳ እግሬ ሥር ስትወድቅ፣
«ደንቡ ነው፣» አልኳት፣ «ሃይማኖታችን ነው።»
ማን ነበር ያለኝ? ቁርኣኑን አላነበብኩ፣
ሸህ አልጠየቅሁ።
ግድግዳው ነው ያለኝ።

እምነቴን አልቀየርኩም፤ ማንም እንዳይሳሳት።
ያችው ካዕባ ናት፣ ያው አንድ ጌታ፣
ያው ግንባር፣ ያው አፈር።
እግሬ ግን የለመደውን ይወዳል፣
በቆምኩ ቁጥር ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ይሸሻል።
ስለዚህ ከተክቢራው በፊት
ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ።
አንዳንዴ ሁለቴ።